ቀኝ ላይ ምን አለ?

ሰኞ፣ ኤፕሪል 6፣ 1936

ተነሣ! ሞተሩ ተነሣ!

እጄ እስካሁን ዘይት ዘይት ይሸታል፤ መታጠብ አላሰኘኝም። ከሰዓት በኋላ ከንድፍ ክፍል ሁላችንም ወርደን መሞከሪያው ክፍል በር ላይ ተጨናንቀን ቆምን። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አስነጠሰው። ከዚያ ሲያጓራ የመስኮቱ መስታወት በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ የማያውቁት ዋና መሐንዲሳችን ኢንጂነር ቬስነር ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ጣሪያው ወረወሩት። ሰማንያ የፈረስ ጉልበት! ይኸው ሞተር እኮ ፋብሪካችን በሚሠራው የቤተሰብ መኪና ላይ ሃምሳ አምስቱን ለመስጠት እንኳ የሚያቃስት ነበር።

ብሩክነር ሀብታም ፋብሪካ አይደለም፤ ጎታ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አዲስ ሞተር ከሥሩ ለመሥራት አቅሙ ስለሌለን የድሮውን ባለ ስድስት ሲሊንደር እንዳለ ትተን የላይኛውን ክዳን፣ ቴስታታውን ብቻ ቀየርነው። ቫልቮቹ ግራና ቀኝ አጋድለው ተቀምጠዋል፤ አየሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣል። ሌላው ፋብሪካ ይህን ለማድረግ ቫልቮቹን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሁለት ካምሻፍቶች ከላይ ይጭናል። እኛ ዘንድ ግን ታች ያለችው አንዲቷ ካምሻፍት ትበቃለች፤ አጫጭር ዘንጎች ከላይ ተሻግረው የማዶውን ቫልቭ ይገፉታል። ሲያዩት ቀላል ነው። ማሰቡ ነው የከበደው።

ያሰበው አይሁዳዊው ነዳፊያችን ሌዊን ነው። ባለፈው መከር ከሥራ ተሰናበተ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አያነሣውም። ንድፉን በንጹሕ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የነዳፊው ስም በሚጻፍበት ቦታ ምን ልጻፍ ብዬ ብጠይቅ «ባዶውን ተዪው» ተባልኩ። ተውኩት።

ወንድሜ ጌርኖት ወሬውን ሲሰማ ጠረጴዛውን በጡጫ ነረተው። «መቼ ነው የምትሰጡኝ?» የፋብሪካው ሞካሪ ሹፌር ነው። ለእሱ መኪና ማለት ጎማ እስኪገጠምለት ድረስ ወረቀት ነው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 9

የመኪናው አጽም፣ ሻንሲው መጣ። ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች፣ በቃ! ቬስነር ላዩ ላይ ወጥተው ዘለሉበት። አልተንቀሳቀሰም። እማ ለፋሲካ እንቁላል ቅቢልኝ ብላ ነበር፤ ረሳሁት። ምሳም ረሳሁ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 18

ከየት ልጀምር?

አካል የለው፣ በር የለው፣ የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎ የለው። መቀመጫው ጆንያ የተነጠፈበት ሣጥን ነው። ጌርኖት መሪው ላይ ተቀመጠና ግቢውን ዞር ብሎ አየ። መካኒኮቹ እያንዳንዳቸው «እኔን ባለኝ» በሚል ዓይን ያዩታል። እሱ ግን «ትሩዴ! ነይ ተሳፈሪ!» አለኝ።

በኦርድሩፍ መንገድ ነው የወጣነው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ዛፎቹ ተራ በተራ መታየታቸው ቀርቶ አንድ ግድግዳ ሆኑ። ጌርኖት ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይጮሃል።

«ቀኝ ላይ ምን አለ?»

«አጥር!»

«ምን ያህል ይርቃል?»

«አንድ ክንድ! አይ፣ ሁለት!»

«አሁንስ?»

«ድልድይ! ግራህን ያዝ!»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ፈሰሰ። ስንመለስ ለምን እንደዚያ እንደሚጠይቀኝ ብጠይቀው «መንዳት እያስተማርኩሽ ነዋ! ጥሩ ሹፌር የመንገዱን ዳር በዓይኑ ይለካል» አለኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ግን የእማን የአክስት ልጅ ወደ ባቡር ጣቢያ ከማድረስ በቀር ምን ነድቼ አውቃለሁ?

የጌርኖት ቀኝ ዓይን ትንሽ ቀልቷል። በማርች ወር መንገድ ላይ ጠጠር ተፈናጥሮ መነጽሩን ሰብሮበት ነበር። ሳምንት ያህል በፋሻ ታሽጎ ከረመና ዳነ። ነፋሱ ነው ያቀላው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 26

ዛሬ ምሳ ላይ ጌርኖት ቢራውን ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። እማ «ብርጭቆው እኮ እዚህ ነው፣ ልጄ» አለችው። ሳቀና «አሁንም መኪናው ላይ ያለሁ ይመስለኛል» አለ። እኔም ሳቅሁ። ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ይዞ የዋለ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ነው?

የመኪናው አካል ተገጠመ። ነጭ፣ ዝቅ ያለ፣ ፋኖሶቹ ፓራፋንጎው ውስጥ የተቀበሩ። ቀለሙ ሳይደርቅ የቀኙ ጎን ተጫጭሯል፤ ጌርኖት የጋራዡ በር ጠባብ ነው ይላል። ጠባብ ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 2

ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ። እንደገና። በሙሉ ፍጥነት ትንሽ እንደተነዳ በቴስታታውና ሲሊንደሮቹን በያዘው ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ ይቀደድና ውኃው ዘይት ውስጥ ይገባል። የፋብሪካው ባለቤት ሽማግሌው ብሩክነር ራሳቸው ወደ ንድፍ ክፍል ወጡ። ተቀምጠው አልተናገሩም፤ በር ላይ ቆመው ነው።

«መኪናው ጁን ላይ የአይፈልን የመኪና ውድድር በደንብ ከጨረሰ እንሠራዋለን። ካልጨረሰ ማሽኖቹን ወደ ዳቦ ማመላለሻ መኪና እመልሳቸዋለሁ። ተግባባን?»

ቬስነር «ተግባብተናል» አሉ። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሪት ክራምር፣ ንጹሕ ወረቀት።»

ዓርብ፣ ሜይ 8

ቡሎኖቹን አረዘምናቸው። ማሸጊያው ሙሉ ከመዳብ። ብሎኩ ላይ ሁለት ቦታ ውፍረት ጨመርን። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኛል። ያዘ! እስካሁን ይዟል!

ሰኞ፣ ሜይ 18

ውድድሩ ከሚካሄድበት ከኑርበርግ ተመለስን። ጆሮዬ ውስጥ አሁንም ያጓራል።

ሁሉንም ልጽፈው። መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል፣ ሸለቆ ይወርዳል፣ አዴናው መንደር ላይ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። በአንድ ዙር ዝናብም ፀሐይም ያገኝሃል። ግራና ቀኙ የቁጥቋጦ አጥር ስለሆነ ከኩርባው ወዲያ ምን እንዳለ አይታይም። መማር ብቻ ነው መፍትሔው። ጌርኖት በየዙሩ ጎኑ አስቀመጠኝ፤ እኔም በየዙሩ የቀኙን ዳር እየጮህኩ ነገርኩት። የሚበዛው ኩርባ ወደ ቀኝ ነው። «አውሮፕላን ማረፊያ» የሚሉት ጉብታ አለ፤ አራቱም ጎማ ከመሬት ይለቃል፣ ሆድ ወደ አፍ ይመጣል፣ ገና ሳያርፍ ወዲያው ወደ ቀኝ ነው። እዚያ ላይ «አሁን!» ስለው ነው መሪውን የሚያዞረው። አሁን እንቅልፌ ላይ ብትጠይቁኝ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ተጠባባቂ ሹፌራችን ኤከሃርት ፕሮል ይባላል። የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነው፤ ምላሱ እንደ ምላጭ ነው። ዛሬ ሁሉም በተሰበሰበበት «ወይዘሪት ክራምር፣ ወንድምሽ ያላንቺ ሽንት ቤትስ ይሄዳል?» አለኝ። መካኒኮቹ ፈነዱ። «ቦታውን ስለተመኘኸው ነው» አልኩት። «ተመኘሁ እንጂ! ግን እኔ እንደ ዓይነ ስውር የሚመራኝ ሰው አልፈልግም» አለ።

ባለጌ። እስካሁን ተናድጃለሁ። ለምን ይህን ያህል እንደተናደድኩ አላውቅም።

እሑድ፣ ሜይ 24

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሎማን ለጌርኖት እጃቸውን ዘረጉለት፤ አልፏቸው ሄደ። በቀኙ በኩል ነበሩ። «ልጅሽ ገና ሳያሸንፍ ኮራ» ሲሉ እማ ሰማች። እማ ቤት ስንደርስ «ትሩዴ፣ ወንድምሽ ደህና ነው?» አለችኝ። ደክሞት ነው አልኳት። ሰው ሲደክመው እንዲህ ይሆናል። እኔም ትናንት ጫማዬን ያለቦታው አድርጌው ወጥቻለሁ።

ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉትን ካርቡራቶሮች ሦስት አደረግናቸው፣ ከላይ ወደ ታች የሚተነፍሱ። ቬስነር ሲያሟሟቁት ያወጣው ድምፅ! ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጁን 2

ክብደት ቅነሳ። የመቀመጫው ቆዳ ተነሣ። መለዋወጫ ጎማው ቀረ። ቬስነር ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው «ይሄም ይመዝናል» አሉ። ሳቁ! እንዲህ ደስ ሲላቸው ሳይ ሁለተኛዬ ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 11። ኑርበርግ

ዛሬ የመጀመሪያው ይፋዊ ልምምድ ነበር። በልምምድም በውድድርም ሁለተኛ ሰው አይፈቀድም፤ ዛሬና ነገ ጠዋት ብቻ ነው ለአዲስ መኪና የሚፈቀደው። ጌርኖት «አያስፈልገኝም» ብሎ ብቻውን ወጣ።

ዘገየ። ከሜይ ሰዓቱ እጅግ ዘገየ። ሲመለስ የቀኙ ፓራፋንጎ ውስጥ ቅጠልና ቅርንጫፍ ተሰክቶ ነበር። ከመኪናው ሳይወርድ «መሪው ይጎትታል» ብሎ ጮኸ። ቬስነር መሪውን ፈቱት። ምንም የለውም። «የመሪውን ክንድ የነደፈችው ማን ናት?» አለ ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው ፊት። ፊቴ ተቃጠለ። ይዘነው የመጣነው ጭነት መኪና ውስጥ ገብቼ ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት። ክንዱ ልክ ነው። ልክ ነው። ልክ ነው።

ከዚያ ምሳ ላይ ቋሊማውን ሲበላ በቀኙ በኩል ቀስ ብዬ መጣሁና እጄን ጉንጩ አጠገብ ዘረጋሁ። ማኘኩን አላቋረጠም። ጣቴን አወዛወዝኩ። ዓይኑ አልተርገበገበም።

እሺ፣ ይጻፍ። ጌርኖት በቀኝ ዓይኑ አያይም። ጥሩ ሹፌር የመንገዱን ዳር በዓይኑ ይለካል እያለ ያስተማረኝ፣ የሚለካበት ዓይን ስለሌለው ነው።

ዛሬ ነው ያወቅሁት። ዛሬ ነው።

ዓርብ፣ ጁን 12

ጠዋት ከጋራዦቹ በስተጀርባ ጫካው ዳር ያዝኩት።

«በቀኝ ዓይንህ ታያለህ?»

«አንቺም እንደ ፕሮል ጀመርሽ?»

«መልስልኝ።»

ቅጠል ቀጥፎ ሲቦጫጭቅ ቆየ። «ብርሃን አያለሁ። ጥላ አያለሁ። ይበቃኛል።»

«ትናንት አጥሩ ውስጥ ገብተሃል።»

«ነካሁት እንጂ አልገባሁም! ስሚኝ፣ አንድ ውድድር ነው የምለምንሽ። እሑድ ይለፍ፣ ሰኞ ራሴ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ይህችን መኪና ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃታል? ፕሮል? ሁለት ዙር ብቻ ነድቷታል!»

«አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ማን ‹አሁን› ይልሃል?»

የቀረውን ቅጠል ጣለው። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ «ብትናገሪ እህት የለኝም» አለ።

ቬስነርን ከመኪናው ሥር ተኝተው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው። ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከትናንት።»

«ከትናንት» አሉ። አደጋገማቸው ከስድብ ከበደኝ። ጨርቁን ጥለው ፕሮልን አስጠሩ።

ፕሮል ሲጠራ እንደሚፎክር ጠብቄ ነበር። ፊቱ ነጣ። «መንገዱን የማውቀው በሁለት ጎማ ነው። በአራት እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም» አለ። «እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ። ቬስነር ሰዓታቸውን አዩ። ሁለተኛ ሰው የሚፈቀድበት ሰዓት ገና አላለቀም። «ግቡ» አሉን።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ለፕሮል ቀኙን ብቻ አይደለም የነገርኩት፤ ሁሉንም ነው። የት ማርሽ እንደሚቀንስ፣ የት ፍሬን እንደማይነካ፣ የትኛው ኩርባ ቀላል መስሎ እንደሚያታልል። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ «አሁን!» ብዬ ስጮህ መኪናዋ አርፋ ዞር አለች፣ በእጅ እንደተያዘ እርሳስ። ሦስተኛው ዙር ላይ ዝም ስል ፕሮል «ቀጥይ እንጂ!» አለኝ። ስንወርድ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ። «ዛሬ አንድም ቀልድ አልቀለድኩም፣ ልብ ብለሻል?»

ሸለቆው ውስጥ ስንወርድ በደስታ ጮኼ ነበር። ወንድሜን ውድድሩን ካሳጣሁት ብዙም ሳይቆይ። ለሕይወቱ ብዬ ነው የተናገርኩት። ለሕይወቱ ነው፣ ለመኪናዋ አይደለም። ለራሴም አይደለም።

ጌርኖት ጭነት መኪናው ውስጥ በር ዘግቶ ተቀምጧል። እራት ወሰድኩለት፤ አልከፈተልኝም።

እሑድ፣ ጁን 14

አሸነፍን! አሸነፍን!

ሲነጋ ጭጋጉ ከመንገዱ በላይ ያለውን የድሮ ግንብ ማማ ሸፍኖት ነበር። ዝናቡ ያካፋል። ከእኛ የውድድር መደብ ውስጥ የእንግሊዞቹ ሁለት አረንጓዴ መኪኖች አየር የሚገፋ ኮምፕረሰር ተገጥሞላቸዋል፤ ከእኛ የበለጠ ጉልበት አላቸው፣ ከእኛ የበለጠ ክብደትም አላቸው። ባንዲራው ሲወርድ ሁለቱም ቀደሙን። ነጯ መኪናችን በጎማቸው ጭቃ ተሸፍና ጭጋጉ ውስጥ ገባች። ከዚያ ጥበቃ ነው። የመጠበቁን ነገር አልጽፈውም።

የመጀመሪያው ዙር፦ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ እኛ። ሁለተኛው፦ አረንጓዴ፣ እኛ! አንደኛው እንግሊዛዊ አዴናው ድልድይ ላይ ተንሸራቶ ቆሟል አሉ። ሦስተኛው ላይ ከሩቅ አንድ ሞተር ሲመጣ ተሰማ፤ የማን እንደሆነ አልለየሁም። ከኋላዬ «የእኛ ናት» አለ አንድ ሰው። ጌርኖት ነበር። ቆብ የለው፣ ፀጉሩ ረጥቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። «ሦስተኛ ማርሽ ላይ ያቆያታል፣ ሞኙ። ቢሆንም አልጎዳትም።» ለእኔ አልነበረም የተናገረው፤ ለአየሩ ነው። ነጯ መኪና ከጭጋጉ ብቻዋን ወጣች። ብቻዋን! ቬስነር ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጡኝ።

እስከ መጨረሻው ማንም አልደረሰባትም። መዳቡ ያዘ፣ ቡሎኑ ያዘ፣ የመሪው ክንድ ያዘ። ፕሮል ሲቆም ከአንገት በላይ ጭቃ ነበር፣ ጥርሱ ብቻ ይታያል። ከተመልካቹ መካከል አቅፎ ያነሣኝ እሱ ነው፤ ልብሴ ተበላሽቶ ቀረ። ጌርኖትን ስፈልገው ቦታው ላይ አልነበረም።

በሽልማቱ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ባለሥልጣን ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ በርሊን ኦሎምፒክ፣ ስለ አገሪቱ፣ «ይህን ድንቅ ሞተር የወለደው የእኛ ደም ነው» አለ። ሌዊን ስላሰባቸው ተሻጋሪ ዘንጎች እንኳ አነሣ። ቬስነር መሬት መሬት አዩ። እኔ አጨበጨብኩ። ሁሉም እያጨበጨበ ነበር። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ እውነት መናገር ለሰው ይከብደዋል መሰለኝ።

ግን አሸነፍን።

ማክሰኞ፣ ጁን 23

ከእማ ጋር ጌርኖትን የና ከተማ ወደሚገኘው የዓይን ሐኪም ወሰድነው። ባቡር ውስጥ ከእማ ጋር ብቻ አወራ። ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ ቆዩ። በዓይኑ ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ መረብ ተላቋል አሉ። አሁን አይመለስም።

«ማርች ላይ፣ ቢበዛ ኤፕሪል ላይ ብትመጣ ኖሮ ቀዶ ጥገና እንሞክር ነበር። ቤት ውስጥ ያስተዋለ ሰው አልነበረም?»

እማ «እኔ አሮጊት ነኝ» አለች። ጌርኖት ወደ መስኮቱ ዞረ። ሐኪሙ እኔን አዩኝ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ የጻፍኩትን ዛሬ መልሼ አነበብኩት። ኤፕሪል 26ን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጋራዡ በር ጠባብ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 4

ሽማግሌው ብሩክነር ፈቀዱ። መኪናዋ ትሠራለች። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከጋራዡ ወጥተዋል፤ ለገዢ ከመሰጠታቸው በፊት አንድ ሰው መንገድ ላይ ሊያለማምዳቸው ይገባል። ቬስነር ዛሬ ጠዋት ንድፍ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ።

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

መጀመሪያ ወንድሜን አሰብኩት። ይህን ልጻፍ፣ እውነት ነው። ከዚያ ቁልፉን ተቀበልኩ።

ብቻዬን። በአይዘናኽ መንገድ፣ ፀሐይ ገና ሳታቃጥል። መሪው እጄ ውስጥ ሕያው ነው፣ ፔዳሉ ትንሽ ሲነካ ሁሉም ነገር ወደፊት ይዘላል። ማንም የሚጠይቀኝ፣ ለማንም የምመልስለት የለም። ራሴ አየሁ፣ ራሴ ወሰንኩ። አንድ ገበሬ ከነፈረሱ ቆሞ ኮፍያውን አነሣልኝ። ዘፈንኩ። እኔ ድምፄ የማያምር ሰው ዘፈንኩ!

ቤት ስደርስ ጌርኖት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ወሬው ቀድሞኛል። ልለፈው ስል ተናገረ፤ ከኑርበርግ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«ስንት ደረሰች?»

«መቶ አርባ ስምንት።»

«ትዋሻለሽ።»

«እሺ፣ መቶ አርባ ሁለት።»

ከንፈሩ ትንሽ እንደ መሳቅ አለ፤ ወዲያው መለሰው። «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ቶሎ ብትናገሪ ዓይኔ ይተርፍ ነበር። ዝም ብትይ ውድድሩ ይተርፍልኝ ነበር። አንቺ ሁለቱንም አልፈቀድሽልኝም።»

ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ አዞረ፤ አሁን የሚያየው እንደዚያ ነው።

«በይ ተቀመጪ» አለ። «ከግቢው ስትወጪ ጀምሪ። ምንም አትዝለዪ።»

ተቀመጥኩ። እማ ሾርባው ቀዘቀዘ ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችን። ስለ ማርሹ ነገርኩት፣ ስለ ፍሬኑ፣ ነፋሱ በመስታወቱ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ኮረብታው ላይ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ። አንዱን ብቻ ደበቅሁት፤ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ። ፀጉሬ እንደዚያ ተበታትኖ፣ ጉንጬ እንደዚያ ቀልቶ፣ በእርግጥ ደብቄው ከሆነ።